ገጽ አሥራ ሁለት

የግራው ኅዳግ አንድ ኢንች ተኩል ነው፤ ለጥራዝ። የቀኙ፣ የላዩና የታቹ አንድ አንድ ኢንች። ፊደሉ ታይምስ ኒው ሮማን፣ መጠኑ አሥራ ሁለት። ከመግቢያው በፊት ያሉት ገጾች በትንንሽ የሮማውያን ቁጥር ይቆጠራሉ፤ ከመግቢያው ጀምሮ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። የሠንጠረዥ ርዕስ ከላይ፣ የሥዕል ርዕስ ከታች። በዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ውስጥ የፈረንጅ ስም ተገልብጦ በቤተሰቡ ስም ይጀምራል፤ የእኛ ሰው ስም እንዳለ ይቀመጣል፣ አይገለበጥም። ይህን ሁሉ ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ አልስትም።

ነጌሌ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጥቂት አለፍ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረችኝ። የሥራ ማመልከቻ፣ የዕድር ደንብ፣ የፈተና ወረቀት እተይብ ነበር፤ ልቤ ግን ከመመረቂያ ጽሑፍ ጋር ነው። በክረምት ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ መምህራን በእጅ የተጻፈ፣ ሻይ የፈሰሰበት፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ወረቀት ታቅፈው ይመጣሉ፤ እኔ መልክ አስይዤ እመልስላቸዋለሁ። ጠባዬ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ወይም ሥራው ጠባዬን አበላሽቶታል። ንዑስ ርዕስ ከገጽ ግርጌ ብቻውን ቀርቶ ካየሁ ራሴን ያመኛል። አንድ መምህር ዋቢዎቹን በፊደል ተራ ሳያሰልፍ አምጥቶ «ዝም ብለሽ ተይቢው» ቢለኝ ወረቀቱን እጁ ላይ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ «እሜቴ ኅዳግ» የሚል ቅጽል ወጣልኝ። አልከፋኝም።

ደንብ የምወደው የወታደር ልጅ ስለሆንኩ ይመስለኛል። አባቴ ከጎጃም በውትድርና መጥቶ ነጌሌ የቀረ ሰው ነው። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ የደንብ ልብሱን አውልቆ ቤት ገባ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሥርዓት ፍቅሩ ሁሉ የጫማ አደራደርና የበር አዘጋግ ላይ አረፈ። ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የአንድ አሥር አለቃ ቤተሰብ ነበር። የአሥር አለቃው ልጅ እኩያዬ ነው። አንድ ዓመት ሁለታችንም ቤት ደብተር የሚገዛበት ጠፍቶ በአንድ ደብተር ተማርን፤ እኔ ከፊት እጽፋለሁ፣ እሱ ገልብጦ ከኋላ ይጽፋል፣ መካከል ላይ ተገናኘን። ወንድም አልነበረኝም፤ ወንድሜ እሱ ነበር። እዚህም ወንድሜ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሌላ መጠሪያ ላወጣለት ብል እጄ አይታዘዘኝም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ከነጌሌ ርቃ ባለች ዱብሉቅ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ የትምህርት ቤት ጸሐፊነት። ሥራው ረፋድ ላይ ያልቃል፤ የቀረው ቀን አቧራና ነፋስ ነው። የተከራየሁት ክፍል ሻይና ወተት በምትሸጥ ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። የሴትየዋ አባት በየሁለት በየሦስት ቀኑ ከገጠር እየመጡ ከሻይ ቤቱ በር አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። በጉልምስናቸው አባ ሄሬጋ ነበሩ፤ ኤላ ከሚባለው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ አፍ ቆመው የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስከብሩ ሰው። ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ስላደግሁበት እንግባባለን። «ናጋ?» ይሉኛል፣ ሰላም ነው ወይ ሲሉ፤ «ናጋ» እላለሁ፤ ከብት ባይኖረኝም ከብቴንም ይጠይቁኛል።

ሽማግሌው አንድ ነገር ሲያወሩ ከማን እንደሰሙት ሳይናገሩ አይጀምሩም። በጣም የሚወዱት ተደርምሶ እንደገና ስለተቆፈረ አንድ ኤላ ማውራት ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደገባ፣ አፈሩ ሲንድ ማን ውስጥ እንደቀረ፣ ውሃው ሲወጣ ምን ተባብለው እንደተማማሉ። ይህን ሊያወሩ ሲሉ መጀመሪያ የእናታቸውን ወንድም ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ይጠራሉ፤ ቀጥሎ ለአጎታቸው የነገረውን ሰው፤ ቀጥሎ ለዚያ ሰው የነገረውን፣ እሱ ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ አፈር ያወጣውን። ሦስት ሰው ናቸው፤ እሳቸው አራተኛ። አንድ ቀን ቸኩዬ «አባ፣ ስሞቹን ትናንት ነግረውኛል፤ ታሪኩን ይቀጥሉልኝ» አልኳቸው። ወሬያቸውን አቆሙ።

«ስም የሌለው ነገር ወሬ ነው፤ ለወሬማ ገበያ አለልሽ» አሉኝ። ከዚያ ከመጀመሪያው ስም ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ሥራ ፈት ነኝና የሚሉትን በደብተር መጻፍ ያዝኩ። በአራት ዓመት ሁለት ደብተር ሞላሁ፤ በእያንዳንዱ ታሪክ አናት ላይ ስሞቹን አስቀድሜ። ሻይ ቤቱ እንግዳ መጥቶ «ይህች ማናት?» ሲላቸው፣ ጸሐፊ ናት ወይም ተከራይ ናት አይሉም። «ከእኔ የሰማች ናት» ይላሉ። ያን ጊዜ ሰውየው ዞር ብሎ እንደገና ያየኛል፤ አንዳንዱም ተነስቶ እንደ አዲስ ሰላም ይለኛል። አምስተኛ ሆኜ መቆጠሬ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። በሕይወቴ የተሰጠኝ ማዕረግ እሱ ነው፤ ሌላ የለኝም።

ከዱብሉቅ ተመልሼ ጽሕፈት ቤቴን ከከፈትኩ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር፣ ወንድሜ ለሁለተኛ ዲግሪው ርዕስ ሲቸግረው። ነጌሌ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ ያስተምር ነበር። ሱቄ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ «እህት ዓለም፣ አማካሪዬ ሦስት ርዕስ ጣለብኝ፤ አራተኛውን ከጣለ እኔም ራሴን እጥላለሁ» አለ። ሳጥን ከፍቼ ሁለቱን ደብተሮች አወጣሁለት። ሲያነብ ሳየው ደስ አለኝ፤ መካከል ላይ የተገናኘንበት ደብተር ትዝ ብሎኝ ነበር መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ በያቤሎ ዞረን ዱብሉቅ ወሰድኩት። ሽማግሌው አርጅተዋል፤ ዱካው ያው ነው። ግማሽ ቀን ጠየቃቸው፣ ቀዳ፣ ፎቶ አነሳ። ሊነሳ ሲል ክንዱን ያዙት።

«ይህ ነገር ወረቀት ላይ የሚወጣ ከሆነ አራታችንም ስማችን ይውጣ። ሌላ የምፈልገው የለም» አሉት።

«አባ፣ ከፊት ነው የማስቀምጥዎት» አለና ጉልበታቸውን ሳመ።

እሳቸው እሱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «የምትጽፊው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባ፣ በእኔ እጅ ነው የሚጻፈው።»

«እንግዲያው ከአንቺ ሰምቻለሁ» አሉ፤ ቃሉን ከእሱ ሳይሆን ከእኔ መቀበላቸው ነበር።

መጻፉ ሁለት ክረምትና በመካከሉ ያለውን በጋ ፈጀ። ወንድሜ የዩኒቨርሲቲውን የአጻጻፍ መመሪያ ፎቶ ኮፒ አመጣልኝ፤ ከገጽ ስምንት እስከ ገጽ አሥራ አምስት። ገጽ አሥራ ሁለት አልነበረችም። አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ያልቃል፤ አሥራ ሦስት ከሌላ ዓረፍተ ነገር ጭራ ይጀምራል። አይቻለሁ። ያመጣው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «አሟልተህ ተመለስ» ብዬ ከደጅ እመልሰው ነበር። ወንድሜ ስለሆነ ዝም አልኩ። ለዘመድ ሲሆን ዓይኔን የምጨፍን ሴት መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ረቂቅ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስሞቹ ሁሉ ነበሩ። በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፉ ለሽማግሌው የልጅ ልጅ ስልክ ደውዬ አንድ በአንድ አጣርቻለሁ፤ እሷ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ከሁለት ወር በኋላ ወንድሜ ረቂቁን ይዞ መጣ፤ ስሞቹ በቀይ እስክሪብቶ ተከብበዋል።

«መረጃ ሰጪ በስሙ አይጠራም፤ በመለያ ቁጥር ነው። ምስጢር ጥበቃ ነው፤ መመሪያው ያዛል» አለኝ።

«ሰውየው እኮ በስማችን አውጡን ነው ያሉት። ከምን ሊጠበቁ ነው?»

«እህቴ፣ ይሄ የእኔና የአንቺ ጉዳይ አይደለም፤ ደንብ ነው። የግራ ኅዳግ ለምን አንድ ተኩል ሆነ ብለሽ ትከራከሪያለሽ?»

በምን እንደሚይዘኝ ያውቃል። በደንብ ከመጣብኝ መከራከሪያ የለኝም። «ሦስቱስ? እሳቸው የሰሙባቸው ሰዎች?» አልኩት። «የሞቱ ሰዎች መረጃ ሰጪ አይባሉም። የቃል ትውፊት በያቸው» አለ። እየሳቀ ነው የሚናገረው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ይስቃል፤ ያን ቀን ግን የሳቀው በግትርነቴ መሰለኝ።

አድካሚ እንኳን አልነበረም። ኮምፒውተሩ አንዱን ቃል ፈልጎ በሌላ የሚተካበት ትእዛዝ አለው። የሽማግሌውን ስም ከላይ ጻፍኩ፣ «ኬ አይ 4»፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻር ቁልፍ መረጃ ሰጪ ቁጥር አራት፣ የሚለውን መለያ ከታች ጻፍኩ፣ አንድ ጊዜ ተጫንኩ። ሠላሳ አንድ ቦታ ተተክቷል አለኝ። የሦስቱን ግን በእጄ ነው ያጠፋሁት፤ ስምም ከነአባት ከነአያት ሲሆን ረጅም ነውና ማጥፊያውን ተጭኜ ቆየሁ። ከዚያ አንቀጹ ስላጠረ የገጽ ቁጥሩን አስተካከልኩ። ማውጫውንም አስተካከልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ማውጫው ቀጥ በማለቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

የምስጋናውን ገጽ ባዶ እንድተው ነገረኝ። «መጨረሻ ላይ በራሴ እጅ እጽፈዋለሁ፤ አንቺ እንድታዪው አልፈልግም» አለ። ምን ሊጽፍ እንደሆነ የማውቅ መስሎኝ አፍሬ ፊቴን አዞርኩ። በሮማዊ ቁጥር አራተኛዋን ገጽ ነጭ አድርጌ ጠበቅሁለት።

በጥቁር ሽፋን፣ በወርቅማ ፊደል ተጠርዞ መጣ። ምረቃው ላይ በግ ታርዷል፤ እናቴ ጉልበቷን እያመማት ሄዳ ሽንኩርት ስትከትፍ ዋለች። አንዱን ጥራዝ ወስጄ ሱቄ ገብቼ አራተኛዋን ገጽ ከፈትኩ። እግዚአብሔርን አመስግኗል። አማካሪውን፣ ባለቤቱን፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ፣ ሞራል የሰጡትን ጓደኞቹን በሙሉ አመስግኗል። እኔ የለሁም። በስሜም፣ በሥራዬም፣ በመለያ ቁጥርም የለሁም። ወደ ኋላ ገልጬ ሁለቱን ደብተሮቼን ፈለግኋቸው፤ «አጥኚው በመስክ ቆይታው የያዛቸው ማስታወሻዎች» ሆነው አገኘኋቸው። የመስክ ቆይታው ያች ግማሽ ቅዳሜ ናት። ያን አንቀጽ በመጨረሻው ረቂቅ ላይ አላየሁትም ነበር፤ ከእኔ ወስዶ ሌላ ቦታ ነው ያስገባው። ከምስጋናው ገጽ ጋር አንድ ላይ። ኅዳጉ እንኳ ተበላሽቷል።

አለቀስኩ፤ ግን ያን ቀን ያለቀስኩት ለራሴ ብቻ ነው። ስለ ሽማግሌው የገባኝ በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከቡሌ ሆራ ወደ ነጌሌ የተዛወረች አንዲት መምህርት የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስተይብ መጣች። ያው ዩኒቨርሲቲ፣ ያው የትምህርት ክፍል፣ ያው መመሪያ። እሷ ሙሉውን ነው ያመጣችው። ገጽ አሥራ ሁለትን ቆሜ አነበብኳት። የቃል መረጃ የሰጡ ሰዎች ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን በሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ በአባሪነት ይያያዛል ትላለች። ስም በመለያ የሚተካው መረጃ ሰጪው ራሱ እንዲደበቅ ከጠየቀ ብቻ ነው። ከሌላ ሰው የተላለፈ ቃል ከሆነም ከማን እንደተላለፈ ይጻፍ ትላለች። ሽማግሌው ዱካቸው ላይ ተቀምጠው የሚሉትን ነው ዩኒቨርሲቲውም የሚለው። መምህርቷ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ብላ ውኃ ሰጠችኝ።

ለምን እንዳደረገው ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ስምና ቀን በሠንጠረዥ ከወጣ አንድ ቀን ብቻ እንደሄደ ይታያል። ፈታኙ ዱብሉቅ ሰው ልኮ ቢያስጠይቅ ሽማግሌው ይመልሳሉ፤ ሲመልሱ ደግሞ ለማን እንደነገሩ ሳይናገሩ አይጀምሩም። እኔን ለመደበቅ እሳቸውን መደበቅ ነበረበት። ለእሳቸው መደበቂያ የሆነው ደግሞ የእኔው ጣት ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ ስለ ፈረስ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ሁለቱን ፎቶ ኮፒ ጎን ለጎን ዘረጋሁለት። በዚያን ጊዜ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኗል። አየና ሳቀ። «ኮፒ ማሽኑ በልቷት ይሆናል» አለ። ከዚያ ሳቁን ትቶ በሩን ዘጋ።

«ምን ጎደለብሽ?» አለኝ። «የመመረቂያ ጽሑፍ ማን ያነባል? መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሽማግሌው እንደሆኑ ማንበብ አይችሉም።»

የመጨረሻዋን ባይላት ኖሮ ምናልባት ይቅር እለው ነበር። አብረን ያደግን ሰዎች ነን፤ ብዙ ነገር ይዋጣል። ያችን ግን መዋጥ አቃተኝ። ደብተሮቼን እንዲመልስልኝ ብቻ ጠይቄው ወጣሁ፤ ቤት ሲቀይር ጠፍተዋል አለ። እናቱ ስታርፍ ድንኳን ገብቻለሁ፣ ሠልስት ወጥቻለሁ፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ኮፍያውን ያነሳል። ከዚያ ወዲያ የለም።

ዱብሉቅ የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። ጥራዙን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ በመንገድ ሙሉ ምን እንደምል እያሰብኩ። እውነቱን ልናገር አልነበረም አሳቤ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው አያነቡም፤ የልጅ ልጃቸው ያቤሎ ትማራለች። ገጹን ከፍቼ ስሞቹን በቃሌ እላቸዋለሁ፣ ደስ ይላቸዋል፣ እኔም ያልፍልኛል ብዬ ነው። «ማንበብ አይችሉም» የሚለውን የወንድሜን ቃል እኔም ይዤ እንደሄድኩ ያወቅሁት እዚያ ስደርስ ነው።

ዱካቸው ላይ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ አወቁኝ። «ኢንተላ ቲያ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ጥራዙን ሰጠኋቸው። ሽፋኑን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ጥሩ ቆዳ ነው አሉ። «የት ጋ ነን?»

አራተኛውን ምዕራፍ ከፍቼ ጣታቸውን ይዤ መለያው ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ የአጎታቸውን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ አልኩ፤ የሁለተኛውን፣ የሦስተኛውን፣ በመጨረሻ የራሳቸውን። አንድም አልሳትኩም። እያዳመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጥፍራቸውን ከመለያው ግራ አሳረፉ፤ አውራ ጣታቸውን ከቀኙ። በመካከሉ የአንድ በቆሎ ፍሬ ያህል ቦታ ነው ያለው።

«አራት ሰው እዚህ ውስጥ እንዴት ገባ?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር፤ አፌ ግን እንቢ አለኝ። «አራታችሁም እዚህ የላችሁም አባ። ከውስጡ አውጥቻችኋለሁ።»

«ከማን ሰምተሽ?»

«ከወንድሜ።»

«እሱስ ከማን ሰማ?»

«ከደንቡ ነው ያለኝ።»

«ደንቡን አይተሽዋል?»

«አንድ ገጽ ጎድሎት ነበር።»

«መጉደሉን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጥራዙን ዘግተው መለሱልኝና ልጃቸውን ሻይ እንድታመጣልኝ ጠሯት። ስኳር እንደበዛበት ጠጣሁት። ስለ ዝናብ አወሩኝ፤ በእኛ በነጌሌ፣ በሊበን በኩል ጥሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥሏል አልኳቸው።

ትንሽ ቆይቶ ከብት የሚነዳ አንድ ጎልማሳ ሰው ገባ። ናጋ ተባባሉ። ሰውየው ጥራዙንና ነጠላዬን አየና እንደ አገሩ ወግ «ይህች ማናት?» ብሎ ጠየቃቸው። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«ከነጌሌ የመጣች እንግዳ ናት» አሉት።